እስክሪብቶ የማይጠፋበት መስኮት

የኛ መሥሪያ ቤት ልደት፣ ጋብቻና ሞት ይመዘግባል። ሰው ሲመጣም ሲሄድም በኛ በር ያልፋል ማለት ነው። እኔ አዳራሹን እጠርጋለሁ፣ ወንበሮቹን እወለውላለሁ፣ ቅርጫቶቹን እደፋለሁ። እዚህ ሥራ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ከወለሉ ላይ ቁልፍ አንስቻለሁ፣ የጆሮ ጌጥ አንስቻለሁ፣ የሕፃን ካልሲማ ቁጥር የለውም፤ አንድ ጊዜም ሰው ሠራሽ ጥርስ አግኝቼ ባለቤቱ እስኪመጣ ድረስ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ አስቀምጫለሁ። እስክሪብቶ ግን አንድም ቀን አግኝቼ አላውቅም። እስክሪብቶ አይወድቅም። በኪስ ነው የሚሄደው።

አራት መስኮት አለን። ንብረት ክፍል ለእያንዳንዱ መስኮት በሦስት ወር አሥራ ሁለት ሰማያዊ እስክሪብቶ ይሰጣል። ከዚያ በላይ ቢለምኑት «ትበሉታላችሁ እንዴ?» ይላል። ፎርሙ በእርሳስ አይሞላም፣ በጥቁር ቀለምም አይሞላም። አብዛኛው ባለጉዳይ ደግሞ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። ስለዚህ ይለምናል፣ ይሰጡታል፣ ቆሞ ይሞላል፣ ስለ ጉዳዩ እያሰበ ኪሱ ይከተዋል፣ ይሄዳል። አሥራ ሁለቱ ሁለት ሳምንት ከቆዩ ተመስገን ነው።

ያልተሞከረ ነገር የለም። አንደኛ መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ ሦስት እስክሪብቶ መሳቢያው ውስጥ እያለው «የለም!» ይላል። ሁለተኛዋ በሲባጎ አሰረችው፤ በነጋታው ሲባጎው ብቻ፣ አህያ እንደጠፋችበት ገመድ፣ ተንጠልጥሎ ተገኘ። አራተኛው የባሰ ብልህ ነበር። ሰው አፍሮ ኪሱ እንዳይከተው ብሎ በእስክሪብቶው ጫፍ ላይ ትልቅ የፕላስቲክ አበባ በፕላስተር ጠቀለለበት። አበባው ከነእስክሪብቶው ሄደ። አንድ ሙሽራ ደረቱ ላይ ሰክቶት ሲወጣ ዘበኛው በዓይኑ አይቷል፤ «እንኳን ደስ ያለህ» ብሎም በሩን ከፍቶለታል።

ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለችው ናት ለዚህ ነገር መላ ያገኘችለት። እኛ እትዬ ዋስ ጥሩ እንላታለን። ቀጭን ናት፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፣ ከማህተሙ ጎን የአስም መድኃኒቷን ታስቀምጣለች። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፣ «መቀስና ሚስት አላውስም» የሚል ቀልደኛ። ሁለት ሴት ልጆቿን ድራ አሁን ከሱና ከስፌት መኪናው ጋር ትኖራለች። «መኪናው ካልጮኸ እንቅልፍ አይወስደኝም» ትላለች።

እሷም ድሮ እንደ ሌሎቹ ነበረች። እስክሪብቶ ሲያልቅባት «ይዘው ይምጡ» ትል ነበር። አንድ ቀን ሚስቱ የሞተችበት ተሸካሚ ሞቷን ሊያስመዘግብ መጣ። «ይዘው ይምጡ» አለችው። ወጣ። መንገድ ማዶ ያለው ሱቅ ዝግ ነበር፤ ሌላ ሱቅ ፈልጎ፣ ዞሮ ሲመለስ ተራው አልፏል፣ መስኮቱም ለምሳ ተዘግቷል። ከምሳ ስትመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው። እስክሪብቶውን በሁለት እጁ ይዞታል። እንዳጠፋ ሰው ብድግ ብሎ «አገኘሁ እመቤቴ» አላት።

ማታ ስንወጣ «ሰው ሚስቱን ቀብሮ እስክሪብቶ ፍለጋ ልላከው?» አለችኝ። እኔ ምን እላታለሁ? ሥራ ነው አልኩና ዝም አልኩ። ስንቱን አይቼ ዝም ብያለሁ። እሷ ግን ዝም ብላ አልቀረችም።

ዋሱ የመጣው በቀልድ ነው። አንድ ሽማግሌ ባንኮኒውን ተደግፈው «ልጄ፣ እስቲ እስክሪብቶ አውሺኝ» አሏት።

«አባቴ፣ የሚዋስ ሰው ዋስ ይጠራል» አለቻቸው እየሳቀች።

«በዚህ ዕድሜዬ ማን ዋስ ይሆነኛል? ይኸው፣ ባርኔጣዬ ዋሴ ነው!» ብለው አውልቀው አስቀመጡላት።

ፎርማቸውን ሞልተው ሰጡ፣ አመሰገኑ፣ ሦስት እርምጃ እንደሄዱ ራሳቸውን ዳበሱና ተመለሱ። ባርኔጣቸውን ሲያነሱ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ገባ፤ እስክሪብቶዋ እዚያ ኖራለች። «አንቺ ሌባ!» አሏት፣ እስክሪብቶዋን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስክሪብቶ ለሚጠይቃት ሁሉ መልሷ «ዋስ ጥሩ» ሆነ። አዲስ ሠራተኞች ቅጽል ስሟን ሲሰሙ ጥሩ ዋስ ማለት ይመስላቸዋል። ለማረም የሚደክም ሰው የለም፤ ደግሞም አልተሳሳቱም።

«ሰው እኮ አይሰርቅም፣ እጁ ነው የሚረሳው» ትላለች። ስለዚህ ዋስ የሚሆነው፣ ሰውዬው በሩ ጋ ሳይደርስ ገላው የሚፈልገው ነገር ነው። ባርኔጣ፣ የአንገት ልብስ፣ ከጓንት አንዱ። ስልክ አትቀበልም፣ ቢሰበር ጣጣ ነው። መታወቂያም አትቀበልም፣ ለፎርሙ ያስፈልጋል። መነጽር አለመቀበልን ግን የተማረችው ተሳስታ ነው። አንዲት እናት ወንድማቸው ሞቶባቸው መጥተው መነጽራቸውን ዋስ ሰጧት። ፎርሙን ሞልተው ሲመልሱ አየችውና ደነገጠች።

«እማማ፣ የሟች ስም በሚለው ቦታ የማንን ስም ነው የጻፉት?»

«የኔን ነዋ። ስም ይላል።»

«እንግዲያው ሞተዋል ማለት ነው።»

«ኧረ አልሞትኩም! መነጽሬን አምጪማ፣ ሳልቀበር!»

አንድ ጊዜ ደግሞ አንዲት ወጣት ሌላ የያዘችው ነገር ስላልነበረ ሕፃኗን በባንኮኒው ላይ አሻገረችላት። «ይኸው ዋሴ!»

«ይሄስ አስተማማኝ ነው፣ አይረሳም» አለች እትዬ ዋስ ጥሩ፣ ልጁን ታቅፋ።

«ኧረ እትዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛኝም። ትንሽ ብረሳው ደስ ይለኛል!»

ሕፃኑ የማህተሙን እጀታ ሲልስ ፎርሙ ተሞላ። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ ሁለቱ እስክሪብቶ ሦስት ወሩን ይዘልቅ ጀመር። በዚህ መሥሪያ ቤት እስክሪብቶ ቀለሙ አልቆ፣ በዕድሜው ሞቶ ሲጣል ያየሁት በእሷ ቅርጫት ውስጥ ብቻ ነው። በእሷ መስኮትም ሰው እስክሪብቶ አጥቶ ተራው አልፎበት አያውቅም።

ባለፈው ዓመት አዲስ ኃላፊ መጣ። ልጅ እግር ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል፣ ክፉ ሰው ግን አይደለም። ከአስተያየት መስጫው ሳጥን አንድ ወረቀት አወጣና ቢሮው አስጠራት። እኔ ቅርጫቱን ልደፋ ገብቼ ነበር። ለእንደኔ ዓይነት ሰው «ውጪ» የሚል የለም፤ እንዳለሁም አያዩኝም።

«"ዋስ የሚጠየቀው ተከሳሽ ነው። እኔ ልጄን ላስመዘግብ ነው የመጣሁት። ለአንድ እስክሪብቶ ባርኔጣዬን ተቀማሁ" ይላል። እውነት ነው?» አላት።

«ባርኔጣውን መልሼለታለሁ።»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም። ዋስ ብለዋል ወይ?»

«ብያለሁ። ካልሆነ እኮ እስክሪብቶው…»

«እስክሪብቶው እንዲጠፋ አልፈልግም፤ ንብረት ክፍል አንድም አልጨምርም ብሎኛል። ሰው እንዲዋረድም አልፈልግም። የሚቀጥለውን ሳምንት አያለሁ። እስከ ዓርብ መዝጊያ ሰዓት አንድ ቅሬታ ከመጣ፣ ወይ አንድ እስክሪብቶ ከጎደለ፣ መስኮቱን ለሌላ ሰው ሰጥቼ እርስዎን መዝገብ ቤት አዛውርዎታለሁ።»

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም፣ የአርባ ዓመት ወረቀት ተከምሮበታል፤ አንዱን መዝገብ ሲስቡት አቧራው እንደ ጉም ይነሣል። እትዬ ዋስ ጥሩ አንድ ጊዜ ለአሥር ደቂቃ ወርዳ ከንፈሯ ጠቁሮ ነው የወጣችው፤ በዘበኛውና በእኔ ትከሻ። እዚያ መውረድ ለእሷ ሥራ መልቀቅ ነው። ኃላፊው አስሟን አያውቅም፤ እሷም አልነገረችውም። «በበሽታዬ ልለምነው እንዴ?» አለችኝ።

ቅዳሜና እሑድ አልፎ ሰኞ ጠዋት ስትመጣ ፊቷ ተለውጧል። ባንኮኒዋን እየወለወልኩ ሳለ ጎንበስ ብላ «ባሌ ምን እንዳለኝ ልንገርሽ?» አለችኝ።

«መቀሱን አዋሰሽ?»

«ተዪው እባክሽ። አንድ ኮት እየፈታ ነበር። "ይሄውልሽ" አለኝ፣ "የኮት ፊቱ ሲያረጅ እፈታዋለሁ፣ ጨርቁን ገልብጬ እሰፋዋለሁ። ያው ጨርቅ ነው፣ ያው ቁልፍ ነው፣ ባለቤቱ ግን አዲስ ለበስኩ ብሎ ይሄዳል። የአንቺም ነገር ልኩ አልተበላሸም። ፊቱ ነው የሻከረባቸው። ገልብጪው።" እንዴት ነው ቃል የሚገለበጠው ስለው "እሱን አንቺ እወቂው፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ" ብሎኝ መርፌውን አፉ ውስጥ ከተተ።»

«ታዲያ አወቅሽው?»

«እናያለን» አለች።

መስኮቱ ሲከፈት የመጀመሪያዋ ባለጉዳይ ከባድ ዘንቢል ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። እስክሪብቶ ጠየቀች። እኔ መወልወያዬን ይዤ ቆምኩ።

«እንካ እህቴ» አለቻት እትዬ ዋስ ጥሩ። ወዲያው ምላሷን ነክሳ «እንኪ» ብላ አረመችው፤ ፈርታ ነበር። «ዘንቢሉ ከብዶሻል። ሞልተሽ እስክትመለሺ አደራ ልያዝልሽ?»

«ውይ፣ እግዜር ይስጥሽ! እጄ ሊቆረጥ ነበር» አለች ሴትዮዋ።

ይኸው ነው። ያው ባንኮኒ፣ ያው ዕቃ፣ ያው እስክሪብቶ። ግን በዋስ ጊዜ የምትጠረጥረው እሷ ነበረች። በአደራ ጊዜ የሚጠረጥሩት እነሱ ሆኑ። ፎርሙን እየሞሉ ቀና ብለው ዕቃቸውን ያያሉ፤ ሲጨርሱ ቀጥ ብለው ወደ ዕቃቸው ይመጣሉ፣ እስክሪብቶዋም በእጃቸው ትመጣለች። ባርኔጣ ያደረገውን «ባርኔጣውን ልያዝልዎት፣ ሙቀት ነው» ትለዋለች። የአንገት ልብስ ያደረገችውን «ቀለም እንዳይነካው አደራ ልያዘው» ትላታለች። ማንም አልተቀየማትም። ኃላፊው ከምሰሶው ጀርባ ቆሞ ማስታወቂያ የሚያነብ መሰለ። ያን አንድ ማስታወቂያ ሁለት ቀን ነው ያነበበው።

ረቡዕ ሳጥኑ ውስጥ «ሦስተኛ መስኮት ዕቃ ይጠብቁልናል፣ እናመሰግናለን» የሚል ወረቀት ተገኘ። ዘበኛው «አንቺዬ፣ እንግዲህ እትዬ አደራ ልንልሽ ነው? በየሳምንቱ ክርስትና ልትነሺ ነው እንዴ?» አላት። ሐሙስም በሰላም አለፈ።

ዓርብ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከምሳ በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ ልብስ አጣቢ የልጅ ልጃቸውን ሊያስመዘግቡ መጡ። እጃቸው በሳሙና ብዛት ነጥቷል። ከአሮጌ ዣንጥላ በቀር ምንም አልያዙም። እትዬ ዋስ ጥሩ በደረቅ ቀን ዣንጥላ አትቀበልም፣ ዝናብ የሌለ ቀን ዣንጥላን ማን ያስታውሳል? ሰልፉ ግን በሩ ጋ ደርሷል፤ የሚይዙት ሌላ ነገርም የለም። «እማማ፣ ዣንጥላውን አደራ ልያዝልዎት» አለችና ግድግዳው ላይ አስደገፈችው።

መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ እስክሪብቶዎቹን ደረደረቻቸው። አሥራ አንድ ናቸው። ዣንጥላው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

ኃላፊው መጣና ባንኮኒው ላይ አየ። ደስ ያለው አይመስልም። «ጎደለ አይደል?» አላት ቀስ ብሎ።

«ጎደለ።»

«እንግዲህ… ሰኞ እንነጋገራለን። ዣንጥላውን ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይቆልፉት። ሴትዮዋ አንድ ቀን ይመጣሉ።»

እኛ መሥሪያ ቤት «እንነጋገራለን» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ግን ፎርሙን ከክምሩ አውጥታ አድራሻውን ታነባለች።

«አደራ አያድርም» አለች።

«ምን አሉ?»

«አደራ ብዬ ነው የተቀበልኳቸው። ማደር የለበትም።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የእስክሪብቶ ዘዴ ነበር።»

«ዘዴ ነበር። አፌ አደራ ካለ በኋላ ግን አደራ ነው» ብላ ዣንጥላውን አነሣችና ወጣች።

እኔ ብሆን ቁም ሳጥኑ ውስጥ እቆልፈው ነበር። እውነቱ ይህ ነው። ግን ብቻዋን አቀበት እንድትወጣ አልፈቀድኩም፤ መወልወያዬን ጥዬ ተከተልኳት። አድራሻው ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ ደረጃው ሲያልቅ፣ አረንጓዴ በር ይላል። ደረጃው መቼ ሊያልቅ! በየማዞሪያው እየቆመች መድኃኒቷን ትስባለች። ዣንጥላውን ልያዝልሽ ብላት አልሰጥም አለችኝ።

«አሁን የምንሄደው ለዣንጥላው ነው ለእስክሪብቶው?» አልኳት።

«ለዣንጥላው። የእስክሪብቶውማ ሰዓቱ አልፏል» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

አረንጓዴውን በር አንዲት ልጅ ያቀፈች ሴት ከፈተችልን፤ የአጣቢዋ ልጅ ናት። ዣንጥላውን ስታይ በሳቅ ፈነዳች።

«እናቴ እኮ አሁን ወጣች! በአቋራጩ ነው የወረደችው። እስክሪብቶውን ከመቀነቷ ስታገኘው ጮኸች እኮ! "ያቺ ደግ ሴት ሌባ ልትለኝ ነው" ብላ ጫማዋን እንኳ በወጉ አላደረገችም።»

እትዬ ዋስ ጥሩ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። ትንሽ አረፈችና ተነሣች። «በሩ ተዘግቶ ያገኙታል። እዚያ ቆመው ሊጠብቁኝ ነው» አለች። ተመለስን። ቁልቁለቱ እንኳ ደግ ነው።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ስንደርስ አጣቢዋ እናት የዘበኛውን ወንበር ይዘው ተቀምጠዋል። ኃላፊው ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ፊታቸው ቆሟል። እስክሪብቶዋ በሴትዮዋ ጭብጥ ውስጥ ናት።

«እናቴ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልንገርዎት፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ፣ ለኔ መስጠት ይችላሉ» ይላል።

«ኃላፊ ሁን፣ ይባርክህ። አንተን ግን የት አውቅህና? እኔ አደራ የተሰጣጠሁት ከሷ ጋር ነው።»

«ሥራ ላይ የሉም እኮ ብያለሁ።»

«ዣንጥላዬስ? ዣንጥላዬ አለ?»

«ዣንጥላዎን ይዘው ወጥተዋል።»

«እንግዲያው ቤቴ ሄዳለች። እንዲህ ያለች ሴት ናታ! አንተ አታውቃትም መሰለኝ፣ አዲስ ነህ?» አሉት። ዘበኛው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ግማሽ ሰዓት እንዲህ ሲከራከሩ እንደቆዩ በኋላ ነገረን።

እትዬ ዋስ ጥሩ መናገር አልቻለችም። ዣንጥላውን ዘረጋችላቸው፣ እሳቸውም እስክሪብቶዋን ዘረጉላት፤ በአንድ ጊዜ ተቀባበሉ። ኃላፊው አንዴ እስክሪብቶዋን፣ አንዴ የሷን ደረት አየ፤ እስትንፋሷ እንደ አሮጌ በር ይጮኻል።

«ምን ሆነው ነው?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ። አየኝ ማለት ነው።

«አስም አለባት። መዝገብ ቤት ብትወርድ ትሞታለች» አልኩት። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለኃላፊ የተናገርኩት ረጅሙ ነገር ይህ ይመስለኛል።

ኃላፊው ኮቱን ለበሰ። «እስክሪብቶው አሥራ ሁለት ሞልቷል» አላት። «ሰኞ መስኮትዎ ላይ እንገናኝ።»

«ሰዓቱ ግን አልፎ ነበር» አለ ዘበኛው፣ ነገር ካልነካካ ስለማይሆንለት።

«አንተ ዝም በል» አለው ኃላፊው።

አጣቢዋ እናት ተነሥተው ወንበሩን ለሷ ለቀቁላት። መድኃኒቷን ሁለት ጊዜ ሳበች። እሳቸው በዚያ በነጣ እጃቸው ጀርባዋን ያሻሉ።

«ምነው ልጄ፣ ምነው! ለዚህ ለቀዳዳ ዣንጥላ ነው ያን ዳገት የወጣሽው?»

ቀና አለች። «ቀዳዳ ነው እንዴ?»

«ሁለት ቦታ! ይኸው» ብለው ዘረጉት።

«እማማ» አለች ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ መቀነትዎን ነበር የምይዘው።»